ኦፔራ የሀብታም ነው የሚሉት ነገር

ኦፔራ፣ ማለትም ታሪኩ በዘፈን የሚቀርብ ድራማ፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሱፍ የለበሰ ባለጠጋ እና ትርጉሙ የማይገባ ጩኸት ነው። ኦፔራን ከልቤ ስለምወድ፣ ይህ ስም ስንቱን ከበር እንደሚመልሰው ሳይ ያናድደኛል። የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የሀብታሞች ነው»

ወሬው ከሜዳ አልመጣም። ኦፔራ የተወለደው በ1600 አካባቢ በጣልያን መሳፍንት ግቢ ነው። ግን በ1637 ቬኒስ ውስጥ ቴአትሮ ሳን ካሲያኖ የሚባለው ኦፔራ ቤት ትኬት ለገዛ ሁሉ ተከፈተ። ዝነኛው የኦፔራ ዘፋኝ ፓቫሮቲም ቢሆን የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው።

ሚላን ባለው ላ ስካላ ኦፔራ ቤት ውስጥ ዘፋኞች አጥብቀው የሚፈሩት ከጣሪያው ሥር በርካሽ ትኬት የሚገባውን ተመልካች ነው። በ2006 «አይዳ» የተባለው ኦፔራ ሲታይ ዘፋኙ ሮቤርቶ አላኛ የመጀመሪያ ዘፈኑን እንደጨረሰ ከላይ ተቃውሞ ወረደበት። መድረኩን ጥሎ ወጣ። ሙዚቃው ግን አልቆመም። ተተኪው አንቶኔሎ ፓሎምቢ ልብስ የሚቀይርበት ጊዜ ስላልነበረው የራሱን ልብስ እንደለበሰ ገብቶ ቀጠለ።

ቪየና ኦፔራ ቤት ደግሞ ቆሞ ማየት ይቻላል፣ በጣም ርካሽ ነው። ቀድሞ የደረሰ ሰው ሻርፑን መደገፊያው ላይ ያስራል። ቦታው ተያዘ ማለት ነው።

«ቋንቋውን ካላወቅኩ አይገባኝም»

በ1983 ቶሮንቶ ውስጥ ትርጉሙን ከመድረኩ በላይ በጽሑፍ ማሳየት ተጀመረ። ዛሬ በትልልቆቹ ኦፔራ ቤቶች የተለመደ ነው። ታሪኩን አስቀድሞ ማንበብም ነውር የለውም። እንዲያውም እመክራለሁ፤ ማን ማንን እንደሚወድ ካወቃችሁ ጆሯችሁ ለሙዚቃው ነፃ ይሆናል።

«ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?»

የጣልያኑ የሙዚቃ ደራሲ ቨርዲ የጻፈው «አይዳ» በ1871 ካይሮ ላይ ነው መጀመሪያ የታየው። አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ታሪኩ የአውሮፓውያን ምናብ ነው፤ ታሪካችንን ልማርበት ብላችሁ አትግቡ። ስሜቱ ግን እውነተኛ ነው። የምትወደው ሰው አገሯን የሚወጋው ጦር አዛዥ ነው። አባቷ ደግሞ ጦሩ በየት እንደሚያልፍ አውጣጪልኝ ይላታል። በሦስተኛው ገቢር፣ ሌሊት ዓባይ ዳር ቆማ፣ አገሬን ዳግመኛ አላይም እያለች ስለ ሰማዩና ስለ ነፋሱ ትዘፍናለች። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ጣልያንኛ አያስፈልገውም።

«ዝም ብሎ መጮህ ነው»

ዘፋኙ በተለምዶ ማይክ የለውም። ከፊቱ ሙሉ ኦርኬስትራ፣ ከዚያ ወዲያ አዳራሽ ሙሉ ሰው አለ። እየጮኸ ቢዘፍን ድምፁ ቶሎ ያልቃል። የኦርኬስትራው ድምፅ የሚበረታው 500 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። የሠለጠነ ዘፋኝ፣ በተለይ ወንዱ፣ ጉሮሮውን አስተካክሎ 3000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን የድምፁን ክፍል ያጎላዋል። እዚያ ላይ ኦርኬስትራው ይደክማል፣ የእኛ ጆሮ ደግሞ ንቁ ነው። ስለዚህ ሰተት ብሎ ይሰማል። በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ግን እውነትም ጩኸት ይመስላል። ቢቻል በአካል፣ ካልሆነ በጥሩ ኢርፎን ስሙት።

«ሱፍ ከሌለህ አትገባም»

በአብዛኞቹ ኦፔራ ቤቶች ንጹህ የዘወትር ልብስ ይበቃል። አለቀ።

«አምስት ሰዓት ማን ይቀመጣል?»

የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዋግነር ሥራዎች ውስጥ እንደዚያ የሚረዝሙ አሉ። በእነሱ አትጀምሩ። የጣልያናዊው ፑቺኒ ኦፔራ «ላ ቦኤም» ሙዚቃው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ባለታሪኮቹም ድሆች ናቸው። ገጣሚው ሮዶልፎ ማገዶ ስለሌለው የጻፈውን ድራማ ምድጃ ውስጥ ይማግደዋል። ቆይቶ ጎረቤቱ ሚሚ ሻማዋን ልታበራ ትመጣለች። ቁልፏ ይጠፋባታል፣ ሻማዎቹ ይጠፋሉ፣ ሁለቱም በጨለማ ወለሉን ሲዳብሱ እጇን ያገኘዋል። ከዚያ የሚዘፍነውን ሰምታችሁ ምንም ካልተሰማችሁ «ካርመን»ን ሞክሩ። ካርመን የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ ዜማዎቹንም ሳታውቁት ከዚህ በፊት የሰማችኋቸው ይመስለኛል።