የመጽሐፍ ቅዱስ ዘይቤዎች በሐረርና በድሬዳዋ አንባቢ ዓይን

መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክን፣ ሕግን፣ ግጥምን፣ ትንቢትንና መልእክትን አንድ ላይ የያዘ ስብስብ በመሆኑ፣ አንድን ቃል እንዳለ መውሰድ ወይም በዘይቤነቱ መፍታት ብዙ ጊዜ የምንባቡን ትርጉም ይወስናል። ሰሙን ከወርቁ መለየት የቅኔ ቤት የዘወትር ሥራ ስለሆነ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ምሳሌዎች ከደረቅ ምድር፣ ከግመል መንገድና ከገበያ የተቀዱ ስለሆኑ፣ ደገኛው በማብራሪያ የሚደርስበትን የሐረርና የድሬዳዋ ሰው ከደጁ ያገኘዋል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። በኢዮብ ምዕራፍ 6 ኢዮብ ወዳጆቹን፣ ሙቀት ሲመጣ ውኃው ከስፍራው በሚጠፋ ፈፋ ይመስላቸዋል፤ የቴማና የሳባ መንገደኞች ተስፋ አድርገው ይመጣሉ፣ ደርሰውም ያፍራሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ይህን ክስ በግማሽ ነው የሚሰማው። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበትን፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን በድንገት የሚሞላውን የደቻቱን ወንዝ የሚያውቅ ድሬዳዋዊ ግን ስድቡ የት እንደሚያርፍ ወዲያው ይገባዋል። መዝሙር 126 (በግዕዙ ዳዊት 125) ያንኑ የበረሃ ፈሳሽ ገልብጦ፣ የተማረከ ሕዝብ በአንድ ጊዜ የሚመለስበት የተስፋ ምሳሌ ያደርገዋል። በማቴዎስ ምዕራፍ 7 በአሸዋ ላይ ስለተሠራው ቤት የተነገረውም፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣውን ጎርፍ በሚያስታውስ ከተማ ተራ ምክር ሆኖ አይሰማም።

ግነት ከሁሉ በላይ ለስሕተት ይጋለጣል። ሀብታም ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ከሚገባ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ ይቀላል የሚለውን የኢየሱስን ቃል ለማለዘብ፣ “የመርፌ ቀዳዳ” በኢየሩሳሌም የነበረ ጠባብ በር ነው የሚል ትርጓሜ በስፋት ይነገራል፤ የከተማውን ግንብ የጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች ለሚያውቅ ሐረሬም አሳማኝ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ በር ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። ደቀ መዛሙርቱ ደንግጠው “እንግዲህ ማን ሊድን ይችላል?” ማለታቸው፣ መልሱም በሰው ዘንድ የማይቻል መሆኑን መግለጹ፣ ነገሩ ሆን ተብሎ የተጋነነ እንደሆነ ያሳያል። የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ስም ባወጣለት፣ “መኪና ግርግር” በተባለው የሐረር መንገድ የሚያልፍ ሰው ትክክለኛውን መርፌ እያየ ቢያነብ ይሻለዋል።

የዕብራይስጥ ግጥም ዋና መዋቅር ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን ሐሳብ መድገሙ፣ ማጥበቁ ወይም መቃረኑ ነው፤ ይህ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያጋጥም በመሆኑ በትርጉም ብዙም አይጠፋም። የፊደል ጨዋታ ግን ይጠፋል። መዝሙር 119 በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ተራ፣ ለየፊደሉ 8 ስንኝ ሆኖ 176 ቁጥር የተደረደረ ነው፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉትን ስሞች ያውቃቸዋል፣ ስንኞቹ በእነዚያ ፊደላት መጀመራቸውን ግን በአማርኛው ሊያይ አይችልም።

የቃላት ጨዋታም እንዲሁ ነው። ኤርምያስ በምዕራፍ 1 የለውዝ በትር ሲያይ፣ እግዚአብሔር ቃሉን ለመፈጸም እንደሚተጋ ይነግረዋል። በዕብራይስጥ ዛፉ “ሻቄድ”፣ የሚተጋው “ሾቄድ” ስለሚባሉ ድምፁ ራሱ ማስረጃ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ሲባል ከአፈር ተቆፍሮ የሚወጣው የባቢሌው ስለሚታሰብ፣ አንባቢው በትሩ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ እዚህ የታሰበው ከሌሎች ቀድሞ የሚያብበው ዛፍ ነው።

ድግግሞሽ ምጸት የሚሆንበት ምንባብ ደግሞ ታኅሣሥ 19 ቀን በቁልቢ ገብርኤል ከሚታሰበው፣ ሦስቱ ወጣቶች ለንጉሡ ምስል አንሰግድም ብለው ከእሳት ከዳኑበት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዳንኤል ምዕራፍ 3 የሹማምንቱን ዝርዝር ወዲያው ደግሞ ይጠራል፤ መለከቱንና እንቢልታውን፣ መሰንቆውንና ክራሩን አራት ጊዜ ይቆጥራል፤ ምስሉንም ናቡከደነፆር “ያቆመው” እያለ ይመላለስበታል። ሲሰለች የሚዘለለው ይህ ዝርዝር ትእዛዝ በሰሙ ቁጥር በአንድነት የሚወድቁትን ሹማምንት መሣቂያ ያደርጋቸዋል፤ ሦስቱ ወጣቶች ለንጉሡ የሚሰጡት መልስ ግን ከሦስት ቁጥር አያልፍም።