ዶቡታሚን፦ በደቂቃ የሚቆጠር የልብ መድኃኒት

ዶቡታሚን የደከመ ልብ ጠንከር ብሎ እንዲመታ የሚያደርግ የሆስፒታል መድኃኒት ነው። ክኒን የለውም፣ ሽሮፕ የለውም። የሚሰጠው በደም ሥር ብቻ ነው። ያውም እንደ ተራ መርፌ አንዴ ተወግቶ አያበቃም፤ ሳይቋረጥ እየተንጠባጠበ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ምክንያቱ ሰውነት ቶሎ ስለሚያፈርሰው ነው። ደም ውስጥ የገባው መጠን በ2 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ጠብታው ከቆመ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከሰውነት ወጥቷል ማለት ይቻላል።

ይህች የ2 ደቂቃ ነገር ለሐኪሙ ትልቅ ጥቅም ናት። መጠኑ ከበዛና ልብ መሮጥ ከጀመረ ጠብታውን ይቀንሳል፤ ጉዳቱም አብሮ ይወርዳል። በሌላ በኩል ግን ለእንቅልፍ አትመችም። ሌሊት ማንም ሳያየው ከረጢቱ ባዶ ከሆነ የታማሚው የደም ግፊት እስኪነጋ አይጠብቅም።

ማን ነው የሚወስደው? የልብ ድካም ሲባል ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ይመታል፤ የሚገፋው ደም ግን ለሰውነት አይበቃም። ደሙ ወደፊት መሄድ ሲያቅተው ወደኋላ ይጠራቀማል። ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ እግር ያብጣል፣ ሰውየው ሦስት አራት ትራስ ካልደራረበ መተኛት ያቅተዋል። እንዲህ ሆኖ ሆስፒታል የሚደርስ አብዛኛው ሰው ዶቡታሚን አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ላሲክስ ነው። ላሲክስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፉሮሰማይድ፣ በደም ሥር ሲሰጥ በ5 ደቂቃ ገደማ ሥራ ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ የሽንት ከረጢቱ መሙላት ይጀምራል፤ ውሃው ሲወጣ ትንፋሽም ይመለሳል። በልብ ድካም ሕክምና ውስጥ እንደዚህ ርካሽና ፈጣን ሆኖ ሰውን የሚያሳርፍ መድኃኒት ብዙ የለም።

ዶቡታሚን የሚመጣው ሌላ ዓይነት ታማሚ ሲገጥም ነው። እጅና እግሩ የቀዘቀዘ፣ የላይኛው የደም ግፊቱ ከ90 በታች የወረደ፣ ሽንቱ የቀነሰ፣ ሲጠየቅ ለመመለስ የሚዘገይ ታማሚ። ሐኪሞች ካርዲዮጀኒክ ሾክ ይሉታል፤ ከልብ የመጣ ሾክ ማለት ነው። አንጎሉም ኩላሊቱም ጉበቱም የደም ያለህ እያሉ ነው። ላሲክስ ቢሰጠው እንኳ ኩላሊቱ ጋ የሚደርሰው ደም ስላነሰ ሽንቱ እምቢ ይላል። መጀመሪያ ልቡ መግፋት አለበት።

መድኃኒቱን የሠራው ኢላይ ሊሊ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነው። ሮናልድ ተትል እና ጃክ ሚልስ የተባሉ ተመራማሪዎች አይሶፕሮተረኖል ከሚባል ቀደም ያለ መድኃኒት ተነሡ። አይሶፕሮተረኖል ልብን ያበረታል፤ ግን ምቱን ያስሮጠዋል፣ ደም ሥሮችንም አስፍቶ ግፊት ይጥላል። ለደከመ ልብ ሩጫ ዕዳ ነው። ሁለቱ ሰዎች የሞለኪውሉን ቅርፅ በጥቂት በጥቂቱ እየቀያየሩ፣ ጉልበት የሚሰጥ ግን እምብዛም የማያስሮጥ ነገር ፈለጉ። ውጤታቸውን በ1975 አሳተሙ። በ1978 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው፤ ገበያ የወጣውም ዶቡትሬክስ በሚል ስም ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ከድንጋጤ ጋር ይመሳሰላል። ሰው ሲደነግጥ ልቡ ድው ድው የሚለው አድሬናሊን የልብ ጡንቻ ላይ ያሉትን ቤታ አንድ የሚባሉ ተቀባዮች ስለሚያንኳኳ ነው። ዶቡታሚንም በዋናነት የሚያንኳኳው እነዚህኑ በሮች ነው። በሩ ሲከፈት በጡንቻው ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ጡንቻውም ጠንከር ብሎ ይኮማተራል። ደም ሥሮችንም በመጠኑ ያላላል፤ ይህም ልብ የሚገፋበትን ጫና ይቀንሳል። ስለዚህ ዶቡታሚን ዋና ሥራው የሚገፋውን ደም መጨመር እንጂ የደም ግፊት ቁጥርን ማሳደግ አይደለም። ግፊቱ በጣም የወረደ ከሆነ ደም ሥርን የሚያጠብቅ ኖርአድሬናሊን አብሮ ይንጠለጠላል።

አንድ ችግር አለ። ብዙ የልብ ታማሚዎች ቀድሞውኑ ካርቬዲሎል ወይም ሌላ ቤታ ብሎከር ይወስዳሉ። የእነዚህ ክኒኖች ሥራ ያንኑ በር መዝጋት ነው። በሩ ተዘግቶ ቢያንኳኩ ምን ዋጋ አለው? እዚህ ላይ ነው ሚልሪኖን የሚታሰበው። ሚልሪኖን በፊት ለፊት በር አይመጣም፤ ሕዋሱ ውስጥ ያለ አንድ ኤንዛይም አግዶ በጓሮ በኩል እዚያው ይደርሳል። ግን ከሰውነት ለመውጣት ይዘገያል፤ ግማሹ ለመቀነስ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሚወጣው ደግሞ በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ታማሚ ላይ እየተጠራቀመ ግፊት ይጥላል። ሐኪሙ የሚመርጠው ከሁለቱ የትኛው ችግር እንደሚቀለው እያየ ነው።

አሁን ወደ አልጋው ቀረብ እንበል። ዶቡታሚን የሚመጣው በተለምዶ 250 ሚሊ ግራም በ20 ሚሊ ሊትር በያዘ ብልቃጥ ነው። እንዲሁ ቀጥታ አይሰጥም። ሲስተሯ 250 ሚሊ ሊትር ካለው ባለ 5 በመቶ ጉሉኮስ ከረጢት 20 ሚሊ ሊትር ቀድታ ትጥላለች፤ በቦታው ብልቃጡን ትጨምራለች። አሁን አንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 1,000 ማይክሮግራም መድኃኒት ይዟል። መጠኑ የሚሰላው በኪሎና በደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በኪሎ ከ2 እስከ 5 ማይክሮግራም በደቂቃ ነው፤ ከ20 በላይ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። በኪሎ 5 ማይክሮግራም ቢታዘዝለት በደቂቃ 300፣ በሰዓት 18,000 ማይክሮግራም ይሆናል። ይህ በሰዓት 18 ሚሊ ሊትር ነው። ጠብታውን ለክቶ የሚገፋ ፓምፕ ካለ 18 ብሎ መሙላት ነው፤ ቀሪውን ማሽኑ ይጨርሰዋል። ፓምፕ ከሌለስ? አንዱን ሚሊ ሊትር በ60 ጠብታ የሚከፍል ለሕፃናት የሚውል የጠብታ መስመር ይፈለጋል። በእሱ ሲሆን 18 ሚሊ ሊትር በሰዓት ልክ 18 ጠብታ በደቂቃ ነው፤ ሰዓት ይዞ መቁጠር ይቻላል። 20 ጠብታ በሆነው በተራው መስመር ከሆነ ግን በደቂቃ 6 ጠብታ ብቻ ይሆናል። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ማለት ነው። ታማሚው እጁን ባጠፈና በዘረጋ ቁጥር ይለዋወጣል። በእኔ ግምት ስለዚህ መድኃኒት ስንነጋገር ከመድኃኒቱ እኩል ስለ ፓምፑ ማውራት ያለብን ለዚህ ነው።

ለአስታማሚዎች አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ የተንጠለጠለ ከረጢት ሁሉ ጉሉኮስ ነው። ጉሉኮስ ደግሞ አቅም ይሰጣል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ መቆጣጠሪያዋን ላላ የሚያደርግ ዘመድ አይጠፋም፤ በቅን ልብ ነው። ግን ያ 18 ጠብታ 60 ቢሆን ታማሚው ከታዘዘለት ከ3 እጥፍ በላይ መድኃኒት እየወሰደ ነው። ሌላው አስታማሚን የሚያስደነግጠው ቀለሙ ነው። ዶቡታሚን ከረጢት ውስጥ ሲቆይ ሮዝ መልክ ሊያወጣ ይችላል፤ ደም የገባበት ይመስላል። ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ለውጥ ነው። ከተበረዘ በ24 ሰዓት ውስጥ ካለቀ ጉልበቱ ያን ያህል አይቀንስም። ሶዲየም ባይካርቦኔት በሚሄድበት መስመር ግን አብሮ አይሰጥም፤ መድኃኒቱ ይበላሻል።

ጉዳቶቹ ከጥቅሙ የሚመዘዙ ናቸው። ልብን የሚያነቃቃ ነገር ልብን ሊያስበረግግም ይችላል። የልብ ምት ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዛባል፤ አደገኛ መዛባትም ሊመጣ ይችላል። የልብ ጡንቻ ሲሠራ ኦክስጅን ይበላልና የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ደረቱን ሊያመው ይችላል። ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየምም ሊወርድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ታማሚው ከሞኒተር ጋር ተያይዞ ይተኛል። ከ3 ቀን በላይ ሳይቋረጥ ከተሰጠ ደግሞ ተቀባዮቹ ይሰለቹታል፤ ያው መጠን የመጀመሪያውን ያህል አይሠራም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህ መድኃኒት ዕድሜ ይጨምራል? ታማሚው ሲሞቀው፣ ሽንቱ ሲመጣ፣ ቤተሰቡን አውቆ ሲያናግር ያየ ሰው አዎ ማለቱ አይቀርም። ጥናቶቹ ግን እንዲያ አላሉም። ሚልሪኖን በአንድ ወቅት በክኒን መልክ ተሞክሮ ነበር። በ1991 በታተመው ጥናት 1,088 ከባድ የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈዋል፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ሞት በ28 በመቶ ጨመረ፤ ጥናቱም ከጊዜው በፊት ቆመ። በደም ሥር የሚሰጠው ሚልሪኖን ደግሞ በ2002 በታተመ ጥናት ሾክ ላይ ያልደረሱ ታማሚዎችን ከሆስፒታል ቀድሞ አላስወጣቸውም፤ የግፊት መውረድና የምት መዛባት ግን አብዝቷል። በ1999 በወጣ ትንተና ዶቡታሚን በተከታታይ ሲወስዱ የነበሩ ሰዎች ሞት ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። እርግጥ ዶቡታሚን የሚታዘዘው ለባሰበት ሰው ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ መድኃኒቱ ላይ መጫን አይቻልም። ቢሆንም ምልክቱ ጥሩ አይደለም። ዶቡታሚንና ሚልሪኖን ፊት ለፊት የተወዳደሩበት የካናዳ ጥናት በ2021 ታተመ። 192 በሾክ ላይ ያሉ ታማሚዎች ነበሩ፤ የሚያለያያቸው ነገር አልታየም።

ነገሩ የደከመ በሬን በጅራፍ እንደመንዳት ነው። ጅራፉ በሬውን ያስኬደዋል፤ መኖ ግን አይሆነውም።

ሌሎቹ ተፎካካሪዎችስ? ኔሲሪታይድ የሚባለው በ2001 በአሜሪካ ሲፈቀድ ብዙ ተብሎለት ነበር። ልብ ራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን አስመስሎ በባክቴሪያ የተመረተ ነው። 7,141 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2011 ሲወጣ ሞትንም ዳግም ሆስፒታል መግባትንም እንደማይቀንስ ታወቀ። በ2018 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። የፊንላንዱ ኦሪዮን ኩባንያ የሠራው ሌቮሲሜንዳን በ2000 መጀመሪያ ስዊድን ውስጥ ተፈቀደ። በ2007 በታተመ ጥናት ከዶቡታሚን ጋር ተወዳድሮ በ6 ወር ውስጥ በነበረው ሞት አልበለጠውም።

ታዲያ ለምን ይሰጣል? ጊዜ ለመግዛት። ሐኪሞች ድልድይ ይሉታል። ወዲያ ማዶ ምን አለ የሚለው ነው ጉዳዩ። የተዘጋ የልብ ደም ሥር የሚከፈትለት፣ ቫልቩ፣ ማለትም ደም የሚያልፍበት የልብ በር፣ በቀዶ ሕክምና የሚጠገንለት፣ በብግነት የተጎዳ የልብ ጡንቻው በራሱ የሚያገግምለት ሰው አለ። ባደጉት አገሮች የልብ ንቅለ ተከላ ወይም ደም የሚገፋ ማሽን የሚጠብቅም አለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማዶ የሌላቸው አንዳንድ ታማሚዎች ትንሽ ፓምፕ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። ዕድሜ ላይጨምርላቸው እንደሚችል ተነግሯቸው ነው፤ የቀረቻቸውን ጊዜ ሳይታፈኑ ቤታቸው እንዲያሳልፉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የብዙ ወጣቶች የልብ ድካም የሚመጣው በልጅነት ከነበረ የጉሮሮ ቁስለትና እሱን ተከትሎ ከሚመጣው ሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ ቫልቭ ያበላሻል። ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ከጠበበ የግራው ልብ ለመሙላት ረዘም ያለ ፋታ ይፈልጋል። ምቱ ሲፈጥን ያ ፋታ ያጥራል፤ ሳንባም ይባስ ውሃ ይቋጥራል። እንዲህ ላለው ሰው ዶቡታሚን ሊብስበት ይችላል። በሩ የጠበበ ቤት ውስጥ ሰውን ማጣደፍ ትርፉ መጨናነቅ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ከመሰቀሉ በፊት ልቡን በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ማየት የቅንጦት ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ሥራ ማላቀቅ ነው። በአንዴ አይዘጋም። ከ5 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 3 ይወርዳል። በየመሃሉ የሚለካው ሽንት ነው፣ የሚነካው እጅ ነው። እጁ ሞቅ ብሎ ከቆየ ይቀጥላሉ፤ የክኒን መድኃኒቶችም አንድ በአንድ ይጀመራሉ። ከቀዘቀዘ ጠብታው ወደነበረበት ይመለሳል፤ ነገ ደግሞ ይሞከራል።