ቡናን የመዘገበችው ሴት፦ ስለ አኒ ጃምፕ ካነን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2019 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና አንዲት ፕላኔት እንዲሰይሙ ጋብዞ ነበር። ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» አለቻቸው። ስያሜው ደስ ይላል። ቡና ግን ቡና ከመባሉ በፊትም መጠሪያ ነበረው፤ ኤችዲ 16175። ባለሙያዎቹ ዛሬም በዚሁ ይጠሩታል።

«ኤችዲ» ማለት ሄንሪ ድሬፐር ማለት ነው። ድሬፐር አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን በ1872 ቬጋ የተባለውን ኮከብ ብርሃን ፕሪዝም በሚባል ብርጭቆ በየቀለሙ በትኖ፣ በውስጡ ያሉት ጥቁር መስመሮች እንዲታዩ አድርጎ በፎቶ ያስቀረ ሰው ነው። በ1882 ሲሞት ባለቤቱ አና ፓልመር ድሬፐር ሥራው እንዲቀጥል ለሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ገንዘብ ሰጠች፤ ከዚያ ሥራ የወጣው የከዋክብት መዝገብም በባሏ ስም ተጠራ። 16175ኛው ተራ ላይ ያለውን ኮከብ በዓይኗ መርምራ ምድቡን የሰጠችው ግን አኒ ጃምፕ ካነን ናት። በ1863 በደላዌር ግዛት፣ ዶቨር ከተማ ተወለደች፤ በዌልስሊ ኮሌጅ ፊዚክስ ተማረች፤ በ1896 ሃርቫርድ ገባች፤ በ1941 እስክትሞት ከከዋክብት ብርሃን አልተለየችም። ስለ እሷ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከሚነገረው ውስጥ ግን ሳይስተካከል ማለፍ የሌለበት አለ።

«ሌሊቱን ሁሉ ቴሌስኮፕ ላይ ተደፍታ ነው የኖረችው»

አይደለም፤ ዋናው ሥራዋ የቀን ሥራ ነበር። ሌሊት የሚሠራው ካሜራው ነው። ከቴሌስኮፑ አፍ ላይ ፕሪዝም ይገጠማል፤ የእያንዳንዱ ኮከብ ብርሃን በነጥብነት ፈንታ ተዘርግቶ እንደ ትንሽ ጭረት በብርጭቆ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። አንድ ሰሌዳ በመቶ የሚቆጠሩ ጭረቶች ሊይዝ ይችላል። የሰሜኑ ሰማይ ሰሌዳ እዚያው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ይዘጋጃል። የደቡቡ ሰማይ ከዚያ ስለማይታይ ሃርቫርድ በፔሩ አሬኪፓ ላይ ሌላ ጣቢያ ነበረው፤ ብርጭቆው በመርከብ ይመጣል።

ሰሌዳው ሲመጣ በእንጨት ማቀፊያ ላይ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ከሥሩ ያለው መስታወት የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይልክለታል። ካነን በአጉሊ መነጽር ታያለች። ሰሌዳው ኔጋቲቭ ስለሆነ ብርሃኑ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ብርሃን የጎደለባቸው መስመሮች ደግሞ ጥቁሩን አቋርጠው ነጣ ብለው ይወጣሉ። አንዱ ጭረት ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እሷ ግን በዚያች ጥቂት ሚሊሜትር ላይ የትኛው መስመር እንደ ጎላ፣ የትኛው እንደ ሳሳ፣ የትኛው ጨርሶ እንደ ጠፋ ታነባለች። «ኬ ዜሮ» ትላለች፤ የኮከቡ ምድብ መሆኑ ነው። አጠገቧ ያለችው ረዳት ትጽፋለች። «ኤፍ አምስት።» ትጽፋለች። ቀጣዩ።

ቴሌስኮፕ አታውቅም ማለቴ ግን አይደለም። ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ከዋክብትን ራሷ በሌሊት ትከታተል ነበር፤ በ1922ም አሬኪፓ ድረስ ሄዳ ወራት ቆይታ ሰሌዳ አንስታለች።

«ስሌት ሠሪ ብቻ ነበረች»

ይህ አነጋገር ከቃሉ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን «ኮምፒውተር» ማለት ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ነበር፤ የሃርቫርድ ሴቶችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ክፍያቸው በሰዓት ከ25 እስከ 50 ሳንቲም ነበር። የመመልከቻው ዳይሬክተር ኤድዋርድ ፒከሪንግ ሴቶችን በብዛት የቀጠረው ሥራቸውን ስላከበረ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ወንድ ደመወዝ ከአንድ በላይ ሴት ማሠራት ስለሚቻልም ነው። ይህን መሸፋፈን አይገባም።

የካነን ሥራ ግን ስሌት አልነበረም። ቡና ቀማሽን አስቡ። አንድ ጊዜ ፉት ብሎ «ይርጋጨፌ ነው፣ ሲዳማ ነው፣ ሐረር ነው» የሚል ሰው የሚያሰላው ቁጥር የለም፤ በሺህ ስኒ የሠለጠነ ምላስ ነው ያለው። ካነንም በብዙ ሺህ ጭረት የሠለጠነ ዓይን ነበራት። እንዲህ ያለውን ችሎታ «የጸሐፊ ሥራ» ብሎ ማለፍ እውቀቱን ራሱን አለማወቅ ነው።

«ፊደላቱን የፈጠረችው እሷ ናት»

የከዋክብት ምድብ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም ተብሎ ይደረደራል። ፀሐያችን ጂ ውስጥ ናት። ይህን ቅደም ተከተል መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ «ምነው ተዘበራረቀ?» ይላል፤ መልሱ የሦስት ሴቶች ታሪክ ነው።

የመጀመሪያዋ ዊሊያሚና ፍሌሚንግ ናት። ከስኮትላንድ መጥታ በፒከሪንግ ቤት የቤት ሠራተኛ ሆና ጀመረች። በ1890 በታተመው መዝገብ ውስጥ ከ10,000 በላይ ከዋክብትን ከኤ እስከ ኪው ባሉ ፊደላት መድባለች። መለኪያዋ የሃይድሮጅን መስመር ጉልህነት ነበር፤ በጣም ከጎላበት ከኤ ጀምራ እየሳሳ ወደሚሄደው ትወርዳለች። ስለዚህ ፊደሎቹ ሲሰጡ ቀጥ ያለ ሥርዓት ነበራቸው።

ሁለተኛዋ የድሬፐር የእህቱ ልጅ አንቶኒያ ሞሪ ናት። በ1897 ከዋክብቱን በሮማውያን ቁጥር በ22 ምድብ ከፈለቻቸው። ቢ የሚባሉት ከኤ በፊት መምጣት እንዳለባቸው ያየችው እሷ ናት። ከዚህም ሌላ መስመሮቹ ቀጭንና ጥርት ያሉ ይሁኑ ወይስ ሰፋ ያሉ ለይታ ጽፋለች።

ካነን የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። በ1901 ባወጣችው የ1,122 ብሩህ የደቡብ ከዋክብት መዝገብ የፍሌሚንግን ፊደላት ያዘች፤ የማያስፈልጉትን ጣለች፤ የሞሪን ሐሳብ ተከትላ ቢን ከኤ አስቀደመች፤ ኦን ከሁሉም ፊት አደረገች። ቀጥላም በፊደልና በፊደል መካከል ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ደረጃ አስገባች። የእሷ ጥያቄ «የትኛው መስመር ጎላ?» ብቻ አልነበረም፤ «ሁሉም መስመሮች አንድ ላይ ያለ ዝላይ የሚለዋወጡት በየትኛው ቅደም ተከተል ነው?» የሚል ነበር። መልሱን ስታገኝ ፊደላቱ ተዘበራረቁ፤ ሰማዩ ግን ተስተካከለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ምድቧን በ1922 ተቀበለው።

አንድ ነገር ግን በመንገድ ላይ ቀርቷል፤ አለመናገሩ ለሞሪ ፍትሐዊ አይሆንም። ያ የመስመሮች ቅጥነት ልዩነት ካነን ባቀለለችው ምድብ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ዴንማርካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አይናር ኸርትስፕሩንግ ግን ከሞሪ ጽሑፍ ውስጥ አግኝቶ፣ ቀጭን መስመር ያላቸው እጅግ ደማቅ የሆኑ ግዙፍ ከዋክብት መሆናቸውን አሳየ። ሞሪ ትክክል ነበረች። ካነንም ትክክል ነበረች፤ ግን ከሞሪ ሥራ ግማሹን ብቻ ይዛ።

«ምድቡ ኮከቡ ከምን እንደ ተሠራ ይነግረናል»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ነው፤ በዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንትም ተሳስተውበታል። አመክንዮው ቀላል ይመስላል፤ የብረት መስመር የበዛበት ኮከብ ብረት የበዛበት ነው፣ የሃይድሮጅን መስመር የጎላበት ሃይድሮጅን የበዛበት ነው።

እውነታው ሌላ ነው። መስመሩን በመጀመሪያ የሚወስነው ሙቀት ነው። ሃይድሮጅን ለዓይን የሚታየውን መስመር እንዲያሳይ ኤሌክትሮኑ ከታችኛው እርከን አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ኮከቡ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ኤሌክትሮኑ ከታች ይቀራል። ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ጨርሶ ከአቶሙ ተገንጥሎ ይሄዳል። መስመሩ የሚጎላው በመካከል፣ 10,000 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ኤ ላይ ነው። ስለዚህ የካነን ሰልፍ ሳይታወቅ የሙቀት ሰልፍ ነበር፤ ኦ ከሁሉም የጋለው፣ ኤም ከሁሉም የቀዘቀዘው።

ይህን በሒሳብ ያስረዳው ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሜግናድ ሳሃ ነው፣ በ1920። ከእንግሊዝ ወደ ሃርቫርድ የመጣችው ወጣት ሴሲሊያ ፔይን ደግሞ የሳሃን ቀመር ወስዳ ካነን በመደበቻቸው የሃርቫርድ ሰሌዳዎች ላይ ሠራችበት። በ1925 የዶክትሬት ጽሑፏ የተገኘው ውጤት የሚያስደነግጥ ነበር፤ ከዋክብት ከሞላ ጎደል ሁሉም የተሠሩት ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ነው፤ ብረቱና ካልሲየሙ ከቁጥር የማይገባ ነው። የፕሪንስተኑ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ሊሆን አይችልም አላት። ወጣቷም በራሷ ጽሑፍ ውስጥ ውጤቱ እውነት ላይሆን እንደሚችል አድርጋ ለመጻፍ ተገደደች። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ።

ካነን ለዚህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ አልሠራችም። አንዳንዶች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል፤ እኔ ግን የመዝገቧ ጥንካሬ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ምድቡን በዘመኑ ንድፈ ሐሳብ ልክ ብትሰፋው ኖሮ ንድፈ ሐሳቡ ሲወድቅ አብሮ ይወድቅ ነበር። የጻፈችው ያየችውን ብቻ ነበር። ሳሃም ፔይንም በኋላ ሲመጡ ቃላቸውን የሚፈትኑበት ንጹሕ ማስረጃ ጠበቃቸው።

«በደቂቃ ሦስት ኮከብ? ችኮላ ነው»

በጥሩ ሰሌዳ ላይ በደቂቃ እስከ ሦስት ኮከብ መመደቧ እውነት ነው። ግን እዚያ ፍጥነት የደረሰችው ከ15 ዓመት ልምድ በኋላ ነው። የትልቁ መዝገብ ምደባ በአመዛኙ የተሠራው ከ1911 እስከ 1915 ነው፤ በወር ወደ 5,000 ኮከብ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የማረም፣ ከሥፍራና ከድምቀት ጋር የማዛመድ፣ የማሳተም ሥራ ዓመታት ወስዷል፤ ዘጠኙ ቅጾች የወጡት ከ1918 እስከ 1924 ነው፤ 225,300 ከዋክብት። ፒከሪንግ በ1919 ሲሞት ገና አላለቀም ነበር፤ እሷ ጨረሰችው። በዕድሜዋ የመደበቻቸው ሲደመሩ 350,000 ገደማ ይሆናሉ። አንድን ኮከብ ዓመታት ቆይታ በሌላ ሰሌዳ ላይ ስታገኘው የምትሰጠው ምድብ ከቀድሞው ጋር የተቀራረበ ነበር።

«መስማት ስለማትችል ከሰው ተለይታ ኖረች»

በወጣትነቷ አብዛኛውን የመስማት ችሎታዋን አጥታለች፤ በማዳመጫ መሣሪያ ትረዳ ነበር። ከሰው ግን አልተለየችም። «የኮከብ ጎጆ» ብላ የሰየመችው ቤቷ የእንግዳ ቤት ነበር፤ ባሕር ተሻግራ ስብሰባ ትሄድ ነበር።

«በሕይወት ሳለች ማንም አላወቃትም»

ማንም አላወቃትም ማለት ስህተት ነው፤ ተገቢውን ሁሉ አገኘች ማለትም እንዲሁ። በ1925 ኦክስፎርድ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። በ1931 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የሄንሪ ድሬፐርን ሜዳሊያ ሸለማት፤ ከሴት የመጀመሪያዋ ናት። ያው አካዳሚ ግን አባል አድርጎ መርጧት አያውቅም። ፍሌሚንግ በ1911 ስታርፍ የሰሌዳዎቹ ስብስብ ኃላፊ ሆነች፤ ሃርቫርድ መደበኛ ሹመት የሰጣት ግን በ1938 ነው፣ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት። ከሌላ ሽልማት ያገኘችውን ገንዘብ ደግሞ በሥነ ፈለክ ለሚሠሩ ሴቶች ሽልማት ማቋቋሚያ ሰጠች። በ1934 የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ያችው ሴሲሊያ ፔይን ነበረች።

«መዝገቡ ዛሬ የቤተ መዘክር ዕቃ ነው»

ወደ ቡና እንመለስ። አቦል በ2009 ስትገኝ ማንም አላያትም። ከጁፒተር የምትገዝፍ ፕላኔት ናት፤ ኮከቧን ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። ስትዞር ኮከቡን ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ ትስበዋለች። ኮከቡ ወደ እኛ ሲቀርብ በተበተነው ብርሃኑ (በስፔክትረሙ) ውስጥ ያሉት መስመሮች ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ በጥቂቱ ይንሸራተታሉ። በካሊፎርኒያ ሊክ የከዋክብት መመልከቻ የሠሩት ሰዎች ያነበቡት ይህን መንሸራተት ነው። መሣሪያቸው ካነን ከነበራት ጋር አይወዳደርም፤ የሚነበበው ግን ያው መስመር ነው። ኮከቡን ሲመዘግቡም የጻፉት ቁጥር እሷ በሠራችበት መዝገብ ያለውን ነው።

ቡናን ማየት የሚፈልግ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ወደ ሰሜን ይመልከት፤ አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ጠርዝ፣ ከፐርሲየስ ድንበር አጠገብ ነው። ለባዶ ዓይን ትንሽ ይደበዝዛል፤ በባይኖኩላር ግን ይገኛል። በመዝገቡ ደግሞ በ1918 በታተመው በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ነው፤ አንድ ቁጥር፣ የሥፍራና የድምቀት መጠኑ፣ ከጎኑም የካነን ፊደል።