ሌሽ-ናይሃን፦ እናት ጤነኛ፣ ልጅ ታማሚ እንዴት ይሆናል?

ሌሽ-ናይሃን እምብዛም የማይታይ የዘር በሽታ ነው። የሚይዘው ከሞላ ጎደል ወንዶችን ብቻ ነው። ጉድለት ያለበት ጂን (የዘር መመሪያ) ያለው ኤክስ ክሮሞሶም (ጂኖችን ከሚይዙ የሴል ክፍሎች አንዱ) ላይ ነው። እናት ሁለት ኤክስ ስላላት ጤነኛው ይሸፍንላታል። ወንድ ልጅ ግን ያለው አንድ ነው። ስለዚህ ከተሸካሚ እናት (ጉድለት ያለበትን ጂን ይዛ ራሷ ከማትታመም) የሚወለድ እያንዳንዱ ወንድ የመታመም ዕድሉ 50 በመቶ ነው። «አንዱ ከታመመ ቀጣዩ ይተርፋል» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ዕድሉ ሁሌም እንደ አዲስ ነው። እናትየዋን መውቀስ ደግሞ ግፍ ነው።

በጂኑ ጉድለት ዩሪክ አሲድ የተባለው የሰውነት ቆሻሻ ይበዛና ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሠራል። አሎፑሪኖል የተባለው መድኃኒት ይህን ይቀንሳል። በሽታው የሚያመጣውን የነርቭ ችግር ግን አያድነውም። በዚህ ችግር የተነሳ ልጁ ከንፈሩንና ጣቱን ይነክሳል፤ ወዶ ግን አይደለም፤ ያመዋል፣ ይፈራል፤ እጁ ሲያዝለት የሚረጋጋው ለዚህ ነው።