የሊኑክስና የጀማሪ ፕሮግራም ችግሮች በአዳማ

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለባት ከተማ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንዱ ዓይነት) የተጫነበት ላፕቶፕ ብርቅ አይደለም። ብልሽቱ የትም ያለው ዓይነት ነው፤ መብራት፣ የሰዓት አቆጣጠርና የአማርኛ ኪቦርድ ግን የራሳቸውን ይጨምሩበታል። (ትእዛዞቹ እዚህ በድምፃቸው ቢጻፉም የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው።)

ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ መብራት ድንገት ሲሄድ እየተጻፈ የነበረው ሁሉ ተቋርጦ ይቀራል። መልሶ ሲከፈት ዴስክቶፑ አይመጣም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል ብቻ ይቆማል። የተዛባው ብዙውን ጊዜ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ስለሆነ ፎርማት ለማድረግ መቸኮል አያስፈልግም። «ኤግዚት» ብለው ኢንተር ሲመቱ የተበላሸውን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይነግራል። ኤስዲኤ2 የሚባለው ከሆነ እንዲጠግነው «ኤፍኤስሲኬ -ዋይ /ዴቭ/ኤስዲኤ2» ማለት፣ ከዚያ «ሪቡት»። መብራት ሳይሄድም የሚደጋገም ከሆነ ዲስኩን መጠርጠር ነው፤ ቅድሚያ ፋይል መገልበጥ። ፕሮግራም እየተጫነ ከተቋረጠ ደግሞ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» የቀረውን ያስጨርሳል።

ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ማሽን ሲኖሩ ሰዓት ይዛባል። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ያነባል፣ ዊንዶውስ እንደ አገር ቤት ሰዓት፤ ስለዚህ ዊንዶውስ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1» ያስማማቸዋል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ግን ማሽኑ ደህና ነው፤ የሚያነበው ሰው በሐበሻ ሰዓት እያሰበ ነው።

ጀማሪን በጣም የሚያደክመው ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደቀረ ኮድ መጻፍ ነው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ከ«ኢፍ» መስመር ጫፍ የሚጠብቀው የላቲኑን : ሲሆን የገባው የግዕዙ ፡ ነው። ለዓይን አንድ ናቸው። የስህተት መልእክቱ ውስጥ 1361 የሚል ቁጥር ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ መስመሩን ማጥፋትና ኪቦርዱን ቀይሮ እንደገና መተየብ ይበቃል። የግዕዝ ፊደል ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ፓይተን 3 «ስም» የሚባል ቫሪያብል ይቀበላል።

በሲ ቋንቋ ነገሩ ይከፋል። «አዳማ» 3 ፊደል ነው፤ ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 ግን እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ርዝመት ቆጣሪው «ስትርሌን» 9 ይላል። የጽሑፉን ማለቂያ ከምታሳየው መዝጊያ ዜሮ ጋር 10 ባይት ያስፈልጋል። 4 ባይት ብቻ አዘጋጅቶ ስሙን የሚቀበል ፕሮግራም «አቤ» ላይ እንኳ ከተመደበለት ቦታ ያልፋል።

የግዕዝ ቁጥርም ያታልላል፤ ፓይተን ፩ን በ«ኢዝዲጂት» ሲጠየቅ ቁጥር ነው ይላል፣ በ«ኢንት» ለመቀየር ግን እምቢ ይላል። ለማጣሪያ «ኢዝዴሲማል» ይሻላል።