ራስ ላይ የወጣ የማያም እብጠት ምንድን ነው?

እዚህ ባሕር ዳር፣ በሰፈራችን ቡና ላይ ይህ ጥያቄ ሰሞኑን ደጋግሞ ተነሥቷል፤ ሁልጊዜም «ካንሰር ይሆን?» በሚል ፍርሃት። ነርስ ነኝና የማውቀውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ከማጅራታችሁ ከፍ ብሎ መሃሉን ዳስሱ። ጠንካራ ጉብታ ካገኛችሁ የራሳችሁ አጥንት ነው፤ በወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ጎላ ይላል። በዚህ ደንግጠው የመጡ ሰዎች አውቃለሁ።

በጸጉር መካከል በብዛት የሚወጣው ግን ከጸጉር ሥር የሚነሣ ከረጢት ነው። ውስጡ ኬራቲን ይባላል፤ ጸጉርና ጥፍር የተሠሩበት ነገር። ክብ ነው፣ በጣት ሲገፉት ይንሸራተታል፣ በዝግታ ያድጋል፣ በቤተሰብም ይወርዳል። ለምሳሌ እናትየው ራስ ላይ ከዓመታት በፊት ሽምብራ ያህል የነበረው ዛሬ ባቄላ አክሎ፣ ልጅየውም እንዲሁ ካለው፣ ይህንኑ እንጠረጥራለን። አታፍርጡት፤ ይመረቅዛል። ካስቸገረ ቦታው ደንዝዞ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ለስላሳው የስብ እብጠት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ደግሞ የአጥንት እድገት።

አለማመሙ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ቶሎ ቶሎ ካደገ፣ ከቆሰለ ወይም ከደማ፣ ወይም ሕፃን ላይ ከታየ ሐኪም ይየው። ከምት በኋላ ወጥቶ ራስ ምታትና ትውከት ካለ ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።