«ያንኑ ቅባት ስጠኝ»

መድኃኒት ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የመቀመጫ ሽፍታ ነው። «ለወንድሜ ነው» ይሉኛል። ወንድሙን ወክሎ የሚያክ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

«ያ ቅባት አድኖኛል።» ደንበኞቼ ከሚሉኝ ሁሉ የሚያታክተኝ ይህ ነው። የሚያሳዩኝ ተጨምቆ ያለቀ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ነው፤ ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። ስቴሮይድ የቆዳን ቁጣ ስለሚያበርድ ማሳከኩ በሁለት በሦስት ቀን ጋብ ይላል፤ መቅላቱም ይደበዝዛል። ሽፍታው ችፌ ከሆነ መልካም። ጭርት ከሆነ ግን አምጪው ፈንገስ አልሞተም፤ የሚዋጋው የሰውነት መከላከያ ስለደከመለት ያለ ከልካይ ይስፋፋል። ቅባቱ ሲቆም ሰፍቶ ብቅ ይላል። ሰውየውም «ሳቋርጠው ስለባሰብኝ መድኃኒቱ ትክክለኛው ነው» ብሎ እንደገና ወደ እኔ ይመጣል! ይባስ ብሎ፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ መሃሉ የጠራው የጭርት ክብ መልኩን ስለሚቀይር ሐኪምም በዓይን ብቻ ለመለየት ይቸገራል።

አንድ የረጅም መንገድ ሹፌር ደንበኛዬ በዚህ ዑደት ከዓመት በላይ ቆይቷል። ብሽሽቱ አካባቢ ቆዳው ሳስቶ እንደ ወላድ ሆድ ተሸነታትሮ ነበር። ከሽፍታው ጠርዝ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ፀረ ፈንገስ ወስዶ ዳነ፤ ሽንትሩ ግን አሁንም አለ።

ጭርት መሆኑ ከታወቀ ክሎትሪማዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከጠርዙ 2 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ሽፍታው ስለጠፋ ብቻ አታቋርጡ። ቱቦው ላይ ከክሎትሪማዞል ጎን ቤታሜታዞን ከተጻፈ ያው ስቴሮይድ ነውና መልሱት። በእግር ጣቶቻችሁ መካከል ፈንገስ ካለ እሱንም አብራችሁ አክሙ፤ እስኪድን ድረስ ካልሲ ከፓንት በፊት ይጠለቅ፣ አለዚያ ፓንቱ ፈንገሱን ይዞት ይወጣል። እየዳነ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ስኳራችሁን ተመርመሩ።

«ንጽህና ስለጎደለኝ ነው።» ንጹሕ ሰውም ይይዘዋል። በበረኪና መፈተግ ግን ያቆስላል።

«ነጭ ሽንኩርት ያደርቀዋል።» ያቃጥለዋል።

«ምች ነው።» እያቃጠለ፣ ውኃ እየቋጠረ፣ እዚያው ቦታ ላይ የሚመላለስ ሽፍታ በቫይረስ የሚመጣው ሄርፒስ ሊሆን ይችላል። ዳማከሴውን ተዉትና ታዩ።

«እኔ ብቻ ብታከም ይበቃል።» ማሳከኩ ሌሊት የሚብስና ሌላም የቤተሰብ አባል የሚያክ ከሆነ ተላላፊውን የእከክ በሽታ ጠርጥሩ። እከክ ከሆነ፣ የማያክከውም ሰው ጭምር፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ይታከማል። ልብስና አንሶላም በሙቅ ውኃ ይታጠባል።

«ካላሳከከ አያሳስብም።» ይህ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሉት ቢሆንም አደገኛ ነው። ከአካባቢው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። መቀመጫ ላይ ሲወጣ ደግሞ ባለቤቱ ስለማያየው ሳይታወቅ ይቆያል። በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ካልተሰማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፣ ነርቭ ሳይጎዳ ከተጀመረም አካል ጉዳት ሳይተው ይድናል።